ከተራ ውጭ የበራ ማሞቂያ

ለእኅቴ ለሰብሊ፣
ድሬዳዋ

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳ ትይዣለሽ ወይስ ተሻለሽ? ደም ግፊትሽን በየሳምንቱ ትለኪያለሽ ወይስ የምታስታውሽው እኔ ስጠይቅሽ ብቻ ነው? አምኃን ሳሉ ለቀቀው? የኢያቄም ሥራ፣ የሄኒ ትምህርት፣ ግቢሽ ውስጥ ያለው የጊሽጣ ዛፍ፣ ሁሉም እንዴት ነው? እኔ የፈጠረኝ ይመስገን፣ በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ዓይኔም በመነጽር እየታገዘ ያነባል። ስለ ጤናዬ ከጠየቅሽኝ መልሱ ይኸው ነው። ስለ ቀረው ከጠየቅሽኝ ግን ደኅና አይደለሁም። ደኅና ነኝ ብዬ ብጽፍልሽ ውሸት ይሆናል፤ ባለፈው ወር ደግሞ የሰማሁት ውሸት ይበቃኛል።

በገና ዋዜማ ደውለሽ «ለአንድ ማሞቂያ ብለሽ የአርባ ዓመት ጓደኛሽን ታኮርፊያለሽ?» አልሽኝ። መልስ ሳልሰጥሽ ስልኩን ዘጋሁት። በዕድሜዬ በሰው ላይ ስልክ ስዘጋ የመጀመሪያዬ ነውና ስለ እሱ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። መልሱን ግን በስልክ ልሰጥሽ አልፈለግሁም። በስልክ ቢሆን አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ እቆጣለሁ፣ ነገሩም ሳይነገር ያልፋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ በቀን በቀኑ እጽፍልሻለሁ። የአንቺ ስም የሚገባበት ቦታም አለ። እሱንም በተራው ታገኚዋለሽ፤ ዘለሽ አትፈልጊው።

ዘንድሮ የወረደብንን ብርድ በሠላሳ ዓመት አላየሁትም። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ጠዋት ስንነሣ የቆርቆሮው ጣሪያ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የምናገኘው። አንድ ማለዳ በረንዳ ላይ ባደረው ባልዲ ውስጥ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ በረዶ በጣቴ አነሣሁ። የጎመን መደቤ እሳት እንደ ነካው ጠቁሮ ቀረ። ስታዲየም አካባቢ ቀኑን ሙሉ ጋዜጣ እያዞሩ የሚሸጡት ሰዎች እንኳ ጋቢ ደርበው ነው የሚታዩት።

በግቢያችን አራት ቤት ሆነን አንድ ቆጣሪ እንደምንጋራ ታውቂያለሽ። እኔ አለሁ፤ ያቺ የአርባ ዓመት ጓደኛዬ ጀማነሽ ከወንድሟ ልጅ ከቴዎ ጋር አለች፤ ጡረተኛው ሾፌር አቶ መዝገቡ አሉ። አራተኞቹን አንቺ አላየሻቸውም። ፍሰሃና ዮሃና ይባላሉ፤ ካዛንቺስ የተከራዩት ቤት ሲፈርስባቸው አምና ወደ እኛ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። የመቀሌ ልጆች ናቸው፤ እርስ በርሳቸው በትግርኛ ያወራሉ፣ ለእኛ በጠራ አማርኛ ይመልሳሉ። እሱ ቢሮ ይሠራል፤ እሷ መምህርት ናት። ጥቅምት አሥራ ሰባት ቀን ሴት ልጅ ወለዱ። የሚኖሩት ድሮ ወጥ ቤት በነበረችው የጥግ ክፍል ነው። ወለሏ ሲሚንቶ ነው፤ ፀሐይ ከዓመት ዓመት አትገባባትም።

መስመራችን አሮጌ ስለሆነ ሁለት ማሞቂያ አንድ ላይ ከተሰካ የቫልቮላው ሽቦ ይበጠስና ግቢው በሙሉ ይጨልማል። ስለዚህ ኅዳር ሃያ ቀን ሰብስቤያቸው ተራ አወጣን። ለአራሷ ማለዳና ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ለእኛ አንድ አንድ ሰዓት። በካርቦን አራት ቅጂ ጽፌ በየበሩ ለጠፍሁት። በሩን ዘግቶ ከሰል ቤት ውስጥ ማንደድ ለማንም እንዳልተፈቀደም ከሥሩ ጻፍሁ፤ የከሰል አየር ስንቱን በእንቅልፉ እንደ ወሰደ አንቺም ታውቂያለሽ። ጀማነሽ ወረቀቱን አንብባ «ዲሬክተሯ፣ ማስነጠስስ በስንት ሰዓት ነው የተፈቀደልን?» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ስትቀልድብኝ የማልቆጣባት ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

ሳምንት ሳይሞላ ሽቦው መበጠስ ጀመረ። ቴዎ ቡልጋሪያ ጋራዥ ስለሚሠራ፣ እጁም ከብረትና ከሽቦ ጋር ስለተለማመደ፣ የተበጠሰውን ሽቦ በየጊዜው የሚቀጥለው እሱ ነው። እኔ ደግሞ እንደምታውቂኝ ቀኑንና ሰዓቱን መዘገብሁ። በአምስት ቀን ውስጥ ስድስት ጊዜ ተበጠሰ፤ ስድስቱም ጊዜ በዮሃና ሰዓት ነው። መዝገብ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ ወረቀት ሲናገር ሰው ይስማ እያልሁ ነው የኖርሁት። ወረቀቱ ደግሞ እሷን ነው የሚያሳየው። ዮሃና ከማሞቂያዋ ጋር ሌላ ነገር ደርባ ትሰካለች ብዬ ደመደምሁ። ለጀማነሽ ወረቀቱን ሳሳያት ረጅም ጊዜ ተመለከተችውና «ተያት እባክሽ፤ ልጅ የያዘች ሴት ብትሰርቅም አይፈረድባትም» አለችኝ።

ይህን ቃል ደግመሽ አንብቢው፣ ሰብሊ። እኔ ያን ቀን የሰማሁት ርኅራኄ ነበር። እንዲያውም የእሷ ልብ ከእኔ ይሰፋል ብዬ ራሴን ወቀስሁ። አሁን ሳስበው ግን ዮሃና ሰርቃለች ብሎ አፉን ሞልቶ የተናገረ የመጀመሪያው ሰው እሷ ናት። እኔ እስከዚያ ድረስ ስርቆት የሚል ቃል አልወጣኝም ነበር።

እሑድ ታኅሣሥ አምስት ቀን ግቢው ውስጥ ወንበር አውጥተን ተቀመጥን። ወረቀቱን አነበብሁ። ዮሃና ልጇን በነጠላዋ ሸፈነች። ፍሰሃ «እትዬ ወርቄ፣ ከማሞቂያው ሌላ ምንም አልሰካንም» አለኝ። ማስረጃህ ምንድን ነው አልሁት። «ሰው ያላደረገውን አላደረግሁም ብሎ በምን ያስመሰክራል?» አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። እኔ ግን እንደ ብልጣብልጥነት ቆጠርሁበት። አቶ መዝገቡ «አዲስ ገቢ የቤቱን ወግ እስኪለምድ እንዲህ ነው፣ አይፈረድባቸውም» አሉ፤ ማንም ሰው አልተቃወማቸውም። አንድ ሰው አዲስ ገቢ ሲሆን ጥፋትን እሱ ላይ መጫን እንዴት እንደሚቀል አየሽ? እኔም ዮሃና ለስምንት ቀን ማሞቂያዋን ታስረክብ ብዬ ፈረድሁ። የተስማማችሁ እጃችሁን አውጡ ስል ጀማነሽም እጇን አወጣች። ማሞቂያውን ራሴ ተሸክሜ ወስጄ አልጋዬ ሥር አስቀመጥሁት። ሃምሳ ቀን እንኳ ላልሞላት አራስም ተረክቤያለሁ ብዬ ደረሰኝ ጻፍሁላት። ፈርሜበታለሁ።

ከዚያ በኋላ ሽቦው መበጠሱን አቆመ። አንድም ጊዜ አልተበጠሰም። ይኸው ማስረጃ አልሁ። ለዮሃናም ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልታ በጨርቅ ጠቅልላ ከልጅቷ አጠገብ እንድታደርግ፣ የመስኮቱን ስንጥቅ በጋዜጣ እንድትወትፍ፣ ሲሚንቶው ላይ ካርቶን እንድታነጥፍ አስተማርኋት። «እሺ እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። የነጠቅኋት እኔ፣ የምትመርቀኝ እሷ።

ታኅሣሥ አሥር ቀን ማለዳ ልጅቷ መተንፈስ አቃታት። ፍሰሃ በላዳ ሐኪም ቤት ወሰዳት፤ የሳንባ ምች ነው ተባለ። አራት ቀን ተኛች። ሰማንያ ቀኗ አልሞላም፤ ክርስትና አልተነሣችም። ዮሃና ቄስ ይምጣልኝ፣ እንዲሁ እንዳታልፍብኝ እያለች ስታለቅስ አቶ መዝገቡ አይተዋት መጥተው ነገሩኝ። እኔ በዚያ ሰዓት አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ማሞቂያው ከሥሬ ነበር። ጀማነሽ እኔ ጋ መጥታ ጉልበቴን ይዛ አብራኝ አለቀሰች። አብራኝ ማልቀሷን አልረሳላትም፤ በመልካምም በክፉም።

እግዚአብሔር ይመስገን ልጅቷ ታኅሣሥ አሥራ አራት ቀን ተሽሏት ተመለሰች። ቅጣቱ አብቅቷልና ማሞቂያውን ራሴ ወስጄ ሰጠኋት። በሦስተኛው ቀን፣ ዓርብ ጠዋት፣ ከጀማነሽ ቤት ግድግዳ ውስጥ ጭስ ወጣ። አቶ መዝገቡ ሮጠው ዋናውን ማጥፊያ አጠፉት እንጂ ግቢው ሁሉ ይነድድ ነበር። ሁለት ቀን ያለ መብራት ተቀመጥን። የእኔ ክፍል ፀሐይ ስለሚያገኝ ዮሃናን ከነልጇ ወደ እኔ አመጣኋት። ጀማነሽም መጥታ ሕፃኗን ጋቢዋ ውስጥ አቅፋ «የእኔ እመቤት፣ የክርስትና ልጄ» እያለች ታሞቃት ነበር። ይህን አልጻፍሁልሽም ለካ፦ ዮሃና ገና ስትወልድ የልጇ የክርስትና እናት እንድትሆን የለመነችው ጀማነሽን ነው። ክርስትናው ለጥር ሰባት፣ ለሥላሴ ዕለት ነው።

እሑድ ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ቀን ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ተከስተ መጣ። የቫልቮላውን ሳጥን ከፍቶ አንድ ጊዜ አየና ሳቀ። «እማማ፣ ይሄ እኮ ቫልቮላ አይደለም፣ የበር መቀርቀሪያ ነው!» አለኝ። በቀጭኗ ሽቦ ፋንታ የጣት ያህል የተጠማዘዘ መዳብ ታስሮበታል። ቀጭኗ ሽቦ ተበጥሳ ቤቱን ታድናለች፤ ይሄ ግን አይበጠስም፤ እሳቱ ወደ ግድግዳው ይሄዳል ብሎ አስረዳኝ። ከዚያ የተቃጠለውን መስመር ተከትሎ ጀማነሽ ክፍል ገባ። ከአልጋዋ ጀርባ ያለው ሶኬት ቀልጦ እንደ ሰም ወርዷል። አጠገቡ ማሞቂያዋ አለ። ተከስተ «በአንድ ሰዓት ተራ እንዲህ አይቀልጥም፤ ይሄ ማለዳ ማለዳ ለረጅም ሰዓት የበራ ነው» አለ። ከእኔና ከእሱ ሌላ ያን ጊዜ በክፍሉ የነበረችው ጀማነሽ ብቻ ናት።

ሰውየው ሲወጣ በሩን ዘግቼ ጠየቅኋት። አልካደችም። ቁርጥማቷ ማለዳ ማለዳ አላስነሣ ሲላት በዮሃና ሰዓት ማሞቂያዋን ታበራ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ቢበጠስ ጥርጣሬው ወደ አራሷ እንደሚሄድ ታውቃለች። ማሞቂያው ለዮሃና ሲመለስ ደግሞ እንዳይበጠስና እንዳይጋለጥባት ቴዎን ወፍራም ሽቦ አሳሰረችው። ለምን አልነገርሽኝም አልኋት። «ብነግርሽ ትጨምሪልኝ ነበር? ከአንቺ ወረቀት ውጭ እኮ ሰው አይበርደውም!» አለችኝ። ምናልባት አልጨምርላትም ነበር። ይህንንም አልደብቅሽም።

አሁን የአንቺ ስም የሚገባበት ቦታ ደረሰ። ልወጣ ስል ጀማነሽ «እኔን ብቻ አትይኝ፤ ታኅሣሥ ሰባት ቀን ለሰብሊ ደውዬ ሁሉን ነግሬያታለሁ። ለእትዬ አትንገሪያት፣ ስምንት ቀን ምን አላት፣ ያልፋል ብላኛለች» አለችኝ። አላመንኋትም። ከዚያ ታኅሣሥ ስምንት ቀን አንቺ እንደ ደወልሽልኝ ትዝ አለኝ። ብርዱ እንዴት ነው ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም አራሷ ስትሰርቅ ይዣት ማሞቂያዋን እንደ ነጠቅኋት፣ ነገሩም እንደ ቆመ፣ ኮርቼ ነገርሁሽ። «እትዬ፣ ራስሽን አታድክሚ» አልሽኝ። ራሴን! ልጅቷ ሐኪም ቤት ለመግባት ሁለት ቀን ቀርቷት ነበር። ያን ጊዜ አንድ ቃል ብትተነፍሺ ማሞቂያውን በአንድ እጄ አውጥቼ እሮጥ ነበር።

ባለፈው ግንቦት ድሬዳዋ እንደ እቶን ስትግል ማራገቢያሽ ተቃጥሎ ራስሽን ስትስቺ፣ ጎረቤቶችሽ አልጋሽን ነፋሻ በረንዳቸው ላይ አውጥተው፣ እርጥብ አንሶላ ሰቅለው፣ በተራ እየተፈራረቁ እንዳራገቡልሽ በራስሽ አፍ ነግረሽኛል። የሰው ነፍስ በሙቀትም በብርድም ምን ያህል ቀጭን እንደሆነች ታውቂያለሽ ማለት ነው። ካላወቀ ሰው ይልቅ የምታውቂው አንቺ ዝም ስላልሽ ነው ነገሩ የቆረጠኝ። ጀማነሽ ስለ በረዳት ከዳችኝ፤ ምክንያቷን ባልቀበለውም ይገባኛል። አንቺ ግን ምን በርዶሽ ነው? ሁለታችሁ የፍትሕ ሰው ናት የምትሉኝን አሮጊት ሐሰት ላይ አስቀምጣችሁ ስፈርድ ተመለከታችሁኝ። ይህ ነው የአንድ ማሞቂያ ነገር።

ለዮሃና በዚያው እሑድ «ተሳስቻለሁ፣ ጥፋቱ የእናንተ አልነበረም፣ መስመሩ ነው» አልኋት። «ምን አለ እትዬ፣ ሰው ይሳሳታል» አለችኝ። ለጀማነሽ ደግሞ ራስሽ ንገሪያት፣ ከክርስትናው በፊት ንገሪያት፣ የክርስትና እናት እንዲህ ባለ ነገር ላይ አትቆምም አልኋት። እሺ አለች። ነገ አለች። ከዚያ ከገና በኋላ አለች። ለገና ሁላችንም አቶ መዝገቡ ቤት አብረን በላን፤ ጀማነሽ ሕፃኗን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ነበር። ሲነጋ ጠርቼ ጠየቅኋት። «ከጥምቀት በኋላ እነግራታለሁ» አለችኝ። ከክርስትናው በኋላ ማለቷ ነው።

ስለዚህ ትናንት እኔው ሄድሁ። ዮሃና ልጅቷን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጀርባዋን እየመታች ነበር። አልተቀመጥሁም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኋት፤ የጀማነሽን፣ የቴዎን፣ የሽቦውን፣ እኔ መስመሩ ነው ብዬ የሸፈንሁትን። የአንቺን ብቻ ተውሁ፤ አንቺን አታውቅሽምና። ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። «እትዬ፣ እርስዎ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?» አለችኝ።

ከታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ጀምሮ አልኋት። በልጅቷ ጀርባ ላይ በጣቶቿ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በትግርኛ ቆጠረች። ሓደ፣ ክልተ፣ ሠለስተ። ቆጥራ ስትጨርስ «አሥራ አንድ ቀን» አለች። «ትናንት እኮ እሷ አቅፋት እርስዎ አጠገቧ ሆነው ያጎርሱኝ ነበር።» ለጀማነሽ ክብር ብዬ ነው ልል አፌን ከፈትሁ፤ ግን ያ ቃል የማን እንደሆነ ሳውቅ መልሼ ዘጋሁት። የአንቺ ቃል ነው፣ ሰብሊ። ያው ለጀማነሽ ያልሻት «ያልፋል» ነው።

ዮሃና ቀጠለች። «መጀመሪያ የክርስትና እናት እንዲሆኑልኝ የፈለግሁት እርስዎን ነበር፤ ፈራሁዎትና ወደ እሷ ሄድሁ» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም፤ እንዲሁ እንዳውቀው ያህል ነው የነገረችኝ። አሁን ከወሎ ሰፈር የፍሰሃን እኅት ጠይቃለች። ከዚያ ልጅቷን ከትከሻዋ አወረደቻትና «ላጥባት ነው፤ ሲወጡ በሩን ጥብቅ አድርገው ይዝጉልኝ፣ ብርድ ይገባል» አለችኝ። ወጥቼ በሩን ጥብቅ አድርጌ ዘጋሁት።

የእኔ ዝምታ አሥራ አንድ ቀን ነው። ሌላ ሰው ቆጥሮ ሳይነግረኝ በፊት አልቆጠርሁትም ነበር። ከአንቺም ልቅሶም ምክንያትም አልፈልግም፤ በእኔና በጀማነሽ መካከል ሽማግሌ እንድትሆኚም አልጠየቅሁሽም። ከታኅሣሥ ሰባት ጀምረሽ በራስሽ እጅ ቆጥረሽ ቁጥሩን ጻፊልኝ፤ ሕፃኗ ሐኪም ቤት የተኛችባቸውን አራት ቀኖች ለብቻ አስምሪባቸው።

ለአምኃ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሳሉ ካልለቀቀው ሐኪም ይየው፣ ማር ብቻ እየላሰ አይቀመጥ። ለኢያቄም ሥራው ይቃናለት በይልኝ፤ ለሚስቱም እንዲሁ። ሄኒን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የላከችልኝን ሥዕል ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ ፈረሱ ግን አምስት እግር አለው፤ ደግማ ትሣለው። ጎረቤቶችሽን፣ በግንቦት ያራገቡልሽን፣ አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራሽ ሰላም በይልኝ። አንቺንም እወድሻለሁ፤ ይህን ብጽፍም አሁንም ተቀይሜሻለሁ፤ ሁለቱም እውነት ስለሆኑ ሁለቱንም ጻፍሁልሽ።

እኅትሽ ወርቅነሽ

ቂርቆስ፣ ቡልጋሪያ ሰፈር
አዲስ አበባ
ጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.